በኢኮሎጂ የምርምር ማስተርስ ከየት ይጀመራል? ከሐይቅ ከተማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አላት፤ ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት አስተምራለች። «በኢኮሎጂ ማስተርስ፣ ከተሳካም ፒኤችዲ መማር እፈልጋለሁ። ኮርስ ጨርሼ ወረቀት መያዝ ብቻ ሳይሆን ምርምር መሥራት ነው ሐሳቤ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻለኛል? ርዕሴን የየጎፍ ደን የዕፅዋት ስብጥር ላደርገው አስቤያለሁ፣ ይበቃል ወይ? ገንዘቡስ? ሥራዬን ሳልለቅስ ይሆናል?» ትላለች።

አብሽሪ እኅቴ፣ የሚሆን ነገር ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ልገልብጠው። አንቺ የጀመርሽው ከዩኒቨርሲቲው ነው፤ በምርምር ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ኮርሱ የትም ቢሆን ብዙም አይለያይም፤ ሁለቱን ዓመት የሚያከብደውም የሚያቀለውም የያዝሽው ጥያቄና ያገኘሽው አማካሪ ነው። ስለዚህ ከርዕስሽ ልነሣ።

«የእገሌ ደን የዕፅዋት ስብጥር፣ መዋቅርና ዳግም ዕድገት» የሚል ቴሲስ በየዩኒቨርሲቲያችን መደርደሪያ ሞልቷል። የጎፍም በዚህ መልክ ተጠንቷል። ሥራው ከንቱ አይደለም፤ የዝርያ ዝርዝር በሌለበት ሌላው ምርምር አይቆምም። ነገር ግን ዝርዝር ብቻውን ጥያቄ አይሆንም። ቴሲስሽን በምታቀርቢበት ዲፌንስ ላይ ፈታኙ «ታዲያ ምን አገኘሽ?» ሲልሽ የዝርያ ብዛት ከመጥቀስ ሌላ የምትይው አይኖርም። ፒኤችዲ ስታመለክቺም አንባቢው የሚፈልገው ይህች ሰው ጥያቄ ማንሣት ትችላለች ወይ የሚለውን ነው።

ርዕስሽን በሁለት ነገር ፈትኚው። አንደኛ፣ መልሱ «አይደለም» ሊሆን ይችላል? ሊሆን የማይችል ከሆነ የያዝሽው ጥያቄ ሳይሆን የሥራ ዝርዝር ነው። ሁለተኛ፣ መስክ ከመውጣትሽ በፊት ዋናውን ግራፍ ወረቀት ላይ ሥዪው፤ በአግድሙ መስመር ምን፣ በቁሙ መስመር ምን እንደሚሰፍር መጻፍ ካቃተሽ ርዕሱ ገና አልበሰለም።

አንድ ምሳሌ አንሥቼ እስከ ታች ልውሰደው፤ እዚያው ደጃፍሽ ያለ ነገር ነው። በተሁለደሬ፣ በአምባሰልና በወረባቦ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረጉ ተዳፋቶች አሉ። አንዱ ተዳፋት ክትክታ ብቻ ለብሶ ይቀራል፤ ሌላው ላይ በክትክታው መሐል የወይራና የጽድ ችግኝ ብቅ ይላል። ለምን? የሁለቱንም ዘር የሚያሰራጩት በዋናነት ፍሬውን የሚበሉ ወፎች ናቸው። በወሎ ደግሞ ትልልቅ እናት ዛፎች የተረፉት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በሙስሊም መቃብር ቦታና ሰው በማይደርስበት ገደል ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ንክኪ በሌለበት ተዳፋት ላይ የወይራና የጽድ ችግኝ ቁጥር ከእናት ዛፍ በራቀ መጠን ይቀንሳል ወይ?» ይሆናል። ይቀንሳል ከተባለ መሬቱን መከለል ብቻ አይበቃም፣ ችግኝ መትከል ወይም ዘር መዝራት ያስፈልጋል። አይቀንስም ከተባለ ዘሩ እየደረሰ ነውና እንቅፋቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ ወይ ልቅ ግጦሽ፣ ወይ ድርቀት፣ ወይ የጥላ እጦት። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በሁለቱም መልስ የሚሠራበት ነገር ያገኛል።

በትግራይ የተሠሩ ጥናቶች እንደ ደደሆ ያለ ቁጥቋጦ ለወይራ ችግኝ ሞግዚት እንደሚሆን አሳይተዋል። ስለዚህ ችግኙ ከቁጥቋጦ ሥር ይሁን ገላጣ ላይ አብረሽ መመዝገብ ሌላ ድካም ሳይጨምር ሁለተኛ ጥያቄ ይመልስልሻል።

አሁን ወደ ናሙናው። ብዙ ቴሲስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው የሚነቃው ደግሞ መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ደን ውስጥ 60 ፕሎት (ተለክቶ የሚቆጠርበት ቁራጭ መሬት) ብታወጪ የምታውቂው ስለዚያ አንድ ደን ነው። 60 ፕሎት አለኝ ብለሽ ስለ ደኖች በጠቅላላ ብትናገሪ፣ አንድን ሰው 60 ጊዜ ጠይቆ 60 ሰው ጠየቅሁ እንደማለት ነው። ስቱዋርት ሃርልበርት እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ስሕተት «የሐሰት ድግግሞሽ» በሚል ስም በጽሑፍ ካወጣው ወዲህ የጆርናል ገምጋሚ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱኑ ነው። በምሳሌያችን የናሙናው አሃድ ተዳፋቱ ነው። 12 የተከለሉ ተዳፋቶች ካሉሽ ናሙናሽ 12 ነው፤ በእያንዳንዳቸው የምታወጫቸው 4 ፕሎቶች የዚያን ተዳፋት አማካይ ያጠሩልሻል እንጂ ናሙናውን 48 አያደርጉትም። ስለዚህ ጊዜና ገንዘብ ሲያጥር ከፕሎቱ ቀንሺ፣ ከተዳፋቱ አትቀንሺ። 12 ተዳፋት በ4 ፕሎት ከ6 ተዳፋት በ8 ፕሎት ይበልጣል፤ ፕሎቱ ግን በሁለቱም 48 ነው። ተዳፋቶቹ ከእናት ዛፍ ያላቸው ርቀትም የተሰበጠረ ይሁን፦ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆኑ የርቀትን ጉዳይ ልትጠይቂ አትችይም። ዕድሜያቸውንም አጣሪ። ቅርቡ ሁሉ የቆየ፣ ሩቁ ሁሉ አዲስ ከሆነ ርቀትና ዕድሜ ተደበላልቀው መለየት አይቻልም።

ከእያንዳንዱ የተከለለ ተዳፋት ጎን፣ ከፍታውና ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫ የሚመሳሰል ልቅ ግጦሽ ያለበት መሬት ምረጪና እዚያም 4 ፕሎት አውጪ። ጠቅላላው 96 ይሆናል። የፕሎቶቹን ቦታ እዚያው ቆመሽ በዓይንሽ አትምረጪ፤ ዓይን ሁልጊዜ ዛፍ ወዳለበት ይሄዳል። ቤትሽ ሆነሽ በካርታ ላይ በዕጣ አውጪውና ነጥቡን ጂፒኤስ ውስጥ አስገቢ። ነጥቡ ገደል ላይ ከወደቀ የሚተካው ተጠባባቂ ነጥብም አብሮ በዕጣ ይውጣ።

ለዛፍና ለቁጥቋጦ የተለመደው ፕሎት 20 በ20 ሜትር፣ ማለትም 400 ካሬ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ወሎ ሜዳ አለመሆኑን አትርሺ። 20 ሜትር የሚባለው አግድም ርቀት ነው፤ ሜትሩን በተዳፋቱ ላይ አጋድመሽ 20 ብትቆርጪ ትክክለኛው ፕሎት አነሰ ማለት ነው። 30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ፣ ቁልቁለቱን ተከትሎ ሜትሩ 23.1 መድረስ አለበት፤ 20 ላይ ካቆምሽ የወሰድሽው 400 ሳይሆን 346 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ 13 በመቶ ጎድሏል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 20ን ለተዳፋቱ ዲግሪ ኮሳይን ማካፈል። ይህ ጉድለት እንዲያው የሚበተን ስሕተት ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበ ነበር። ደን የተረፈው ቀጥ ባለው ተዳፋት ላይ ስለሆነ ግን ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዳላል፤ ደኑ ካለው ያነሰ ዛፍ ያለው መስሎ ይወጣል። ክሊኖሜትር ከሌለሽ ስልክሽ ላይ ዲግሪ የሚለካ አፕ ጫኚና ቀጥ ካለ ዱላ ጋር አስደግፈሽ ለኪ፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

የግንድ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ተዳፋት ላይ በላይኛው ወገን ቆመሽ ለኪ። 1.3 ሜትር የሚሆን ዱላ ቆርጠሽ ያዢ፤ በደረት በግምት ሲለካ የረጅምና የአጭር ሠራተኛ ቁጥር አይገጥምም። ካሊፐር ከሌለሽ በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ለክተሽ ለ3.14 አካፍዪ። ወይራ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ታወጣለች፤ ግንዶቹን ደምሮ አንድ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው። 6፣ 8 እና 10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ግንዶች ካሉ እያንዳንዱን በራሱ አባዢ፣ ደምሪ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት አውጪ፤ 36 ሲደመር 64 ሲደመር 100፣ 200 ይሆናል፣ ውጤቱ 14.1 ነው። 24 ብለሽ ብትጽፊ ዛፉን ሦስት እጥፍ ገደማ አገዘፍሽው፤ የግንዱ ቁራጭ ስፋት ከውፍረቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ነው።

ችግኝ ለመቁጠር በየፕሎቱ አራቱ ማዕዘኖችና መሐሉ ላይ 2 በ2 ሜትር የሆኑ 5 ንዑስ ፕሎቶች አውጪ። ያየሽው ሁሉ ግን ችግኝ አይደለም። ከተቆረጠ ጉቶ ያቆጠቆጠ ወይራ ከሩቅ ሲታይ ከዘር የበቀለ ይመስላል። ጎንበስ ብለሽ አፈሩን በጣትሽ ገለጥ አድርጊ፤ ቀጭን ሥር ይዞ ከወረደ ከዘር ነው፣ ወፍራም የጠቆረ ጉቶ ካገኘሽ ከጉቶ ያቆጠቆጠ ነው። ፍየል ዓመት ከዓመት እየነጨችው ክርክም ብሎ የቀረ ተክልም ቁመቱ የጉልበት ያህል ሆኖ ዕድሜው ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቁመት ብቻ ሳይሆን የተነጨ መሆን አለመሆኑንም ጻፊ። አንድም ችግኝ ከሌለ 0 ብለሽ መዝግቢ። ባዶ ሕዋስና ዜሮ አንድ አይደሉም፤ ባዶ ከሆነ ከስድስት ወር በኋላ «አልነበረም» ይሁን «አልቆጠርኩም» ራስሽም አታስታውሺውም።

የቁጥቋጦውን ሥርና ገላጣውን ለማነጻጸር የቁጥቋጦውን ሽፋን መለካት ግድ ነው። በፕሎቱ መሐል የ20 ሜትር መለኪያ ዘርግተሽ ቅጠል የሸፈነውን ሴንቲ ሜትር ደምሪ። ከመቶ ችግኝ 70ው ከቁጥቋጦ ሥር ተገኘ ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ቁጥቋጦው የመሬቱን 70 በመቶ ሸፍኖ ከሆነ ችግኙ እንዲያው በዕድል የወደቀበት ነው።

ስለ ዕፅዋት ስም ትንሽ ልቆይ። የአካባቢው ሰው የሚሰጥሽን ስም በጥንቃቄ ጻፊ፤ ባቲ ወይም ከሚሴ አካባቢ ከሠራሽ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ያዢ። ስሙን ብቻ ይዞ በመጽሐፍ ሳይንሳዊ ስም መፈለግ ግን ቴሲስ ያበላሻል፤ አንድ ስም ለሁለት ዝርያ፣ ሁለት ስም ለአንድ ዝርያ የሚሰጥበት ቦታ ብዙ ነው። እርግጠኛ ካልሆንሽበት ዝርያ ሁሉ አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ በሦስት ቅጂ ውሰጂ። ያለ አበባና ፍሬ የመጣ ቅጠል ብዙ ጊዜ ሳይለይ ይቀራል። ቅርንጫፉን በጋዜጣ መሐል ስታስተኚው ቢያንስ አንዱን ቅጠል ገልብጪው፣ ጀርባው ይታይ፤ ፀጉርና ጅማት የሚታየው በጀርባው ነው። ጋዜጣውን በካርቶን መሐል አድርገሽ በሁለት የእንጨት ፍርግርግ በገመድ ጠበቅ አርገሽ እሠሪ። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ፤ ካልቀየርሽ በተለይ በክረምት ይሻግታል፣ ቅጠሉም ጠቁሮ ይረግፋል። መለያ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፊ፣ ቢክ ርጥበት ያፈሰዋል። ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ቀበሌው፣ ከፍታው፣ የአበባው ቀለም ትኩስ ሳለ ይጻፍ፤ የደረቀ አበባ ቀለሙን ይለውጣል። በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት መዘክር) ወስደሽ ታስተያያለሽ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተባለው በ8 ጥራዝ ተከፍሎ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀ ሥራም መለያ ቁልፉን ይሰጥሻል።

የወሎ የዝናብ ጊዜ ቴሲስሽን ያዝዘዋል። በአብዛኛው የወሎ ደጋ በልግም ክረምትም ይዘንባል፤ ስለዚህ የሌላ አገር የጊዜ ሰሌዳ አትቅጂ። ችግኝ በክረምት ይበቅላል፣ በበጋ ብዙው ይደርቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ከቆጠርሽ የበቀለውን ቆጥረሽ የተረፈውን ሳታውቂ ትቀሪያለሽ። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት አንድ ጊዜ፣ በልግ ሳይገባ ጥር ላይ ሁለተኛ ጊዜ ቁጠሪ። ለዚህ ደግሞ ፕሮፖዛልሽ እስከ ነሐሴ መጽደቅ አለበት። ብዙ ተማሪ ፕሮፖዛሉ ኅዳር ላይ ይጸድቅለትና አበባው ረግፎ፣ ሣሩ ደርቆ ይደርሳል፤ ከዚያ ወይ አንድ ዓመት ይጠብቃል ወይ ጥያቄውን ይለውጣል። ስለዚህ ኮርስ እየተማርሽ፣ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ፕሮፖዛሉን ጻፊ። የዩኒቨርሲቲ የምርምር ገንዘብ ደግሞ ሰኔ 30 ሒሳቡ ይዘጋል፤ ለጥቅምት የሚያስፈልግሽን ዕቃ ሐምሌ ላይ እንዲገዛ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ስታቲስቲክሱን መስክ ሳትወጪ ተማሪው። አር (R) የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። የሐሰት መረጃ ፍጠሪና፣ 12 ተዳፋት፣ በየአንዳንዱ ችግኝ ቆጠራ፣ ትንተናውን አንድ ጊዜ አስኪጂው። የጎደለ ዓምድ የሚገኘው ያኔ ነው። የችግኝ ቆጠራ ዜሮ የበዛበትና ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ የሚከመር ስለሆነ የተለመደው ቲ-ቴስት አይሆነውም፤ ለቆጠራ የሚሆን ኔጋቲቭ ባይኖሚያል ሞዴል ውሰጂ፣ ተዳፋቱንም እንደ ራንደም ኢፌክት አስገቢው፤ ይህ ከአንድ ተዳፋት የመጡ ቆጠራዎች የተዛመዱ መሆናቸውን ለሞዴሉ ይነግረዋል። ኤክሴል ላይ አንድ ረድፍ ለአንድ ንዑስ ፕሎት፣ የተዋሐደ ሕዋስ የለም፣ ቀለም ቀብቶ መለየት የለም። የዝርያ ስም አጻጻፍ በአንድ ፊደል ከተለያየ ፕሮግራሙ ሁለት ዝርያ አድርጎ ይቆጥረዋል።

አሁን ወደ አማካሪ። ማንን እንደምትመርጪ ለማወቅ በርዕስሽ ዙሪያ ባለፉት አምስት ዓመታት ያሳተሙትን ተመልከቺና ከጽሑፋቸው ሁለቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቢ። ከዚያ ተማሪዎቻቸውን ፈልጊ። የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ የላክሽውን ረቂቅ በስንት ሳምንት ይመልሳሉ? መስክ ላይ አንድ ቀን እንኳ አብረው ይወጣሉ? ከቴሲሱ በሚወጣ ጽሑፍ ላይ የተማሪው ስም መጀመሪያ ይሰፍራል? ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠሽ እውነት ነው። ትልቅ ስም ኖሮት ረቂቅ በስድስት ወር የሚመልስ ሰው፣ ስሙ ትንሽ ሆኖ በሁለት ሳምንት ከሚመልሰው ይልቅ ይጎዳሻል።

የምትጽፊው ኢሜይል ከአንድ ስልክ ማያ አይብለጥ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ማን እንደሆንሽ፣ ሁለተኛው የትኛውን ጽሑፋቸውን አንብበሽ ምን እንዳሰብሽ፣ ሦስተኛው ጥያቄሽን፣ አራተኛው ምን መረጃ እንዳለሽ፣ አምስተኛው ለመጪው ዓመት ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ። ሲቪሽንና የውጤት ማስረጃሽን በፒዲኤፍ አያይዢ። «ማንኛውንም ርዕስ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ብለሽ አትጻፊ፤ ትሕትና መስሎሽ ሐሳብ የሌለሽ ታስመስያለሽ። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ አስታውሺ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፊ።

ዩኒቨርሲቲውን በተመለከተ፣ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ብትማሪ መስክሽ ቅርብ ነው፣ ከሐይቅ ሳትርቂ ትሠሪያለሽ። ወልድያም ለሰሜን ወሎ ደጋ፣ ለአቡነ ዮሴፍ አካባቢ ይቀርባል። ዕፅዋት ከመረጥሽና ሄርባሪየሙ በየሳምንቱ የሚያስፈልግሽ ከሆነ አዲስ አበባ ይሻላል፤ ደንና የደን አያያዝ ከሆነ ወንዶ ገነት፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የቆየ ስም አለው። ከማመልከትሽ በፊት ፕሮግራሙ በዚያ ዓመት ተማሪ መቀበሉን ራስሽ ሄደሽ ጠይቂ። የትም ብታመለክቺ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለብሽ፤ የቋንቋ፣ የቁጥርና የአመክንዮ ጥያቄ ስለሆነ ባዮሎጂ ብቻ አንብበሽ አትግቢ።

ፈቃድና ደብዳቤ ቀላል የሚመስል፣ ግን ሳምንታት የሚበላ ነገር ነው። ከዲፓርትመንትሽ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ ከዞን ግብርና መምሪያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ትወርጃለሽ። ተዳፋቱን የሚጠብቁ የአካባቢው ተጠቃሚዎች አሉ፤ ደብዳቤው ሳይሆን እነሱ ናቸው የሚያስገቡሽ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን አስቀድመሽ አግኚ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ለመለካት ከቄሰ ገበዙና ከሰበካ ጉባኤው ጋር፣ መቃብር ቦታ ከሆነ ከኢማሙና ከሰፈሩ ሽማግሎች ጋር ተነጋገሪ፤ ዛፍ ላይ ቀለም መቀባት ወይም ምስማር መምታት አይፈቀድም፣ ፕሎቱን በጂፒኤስ ያዢ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፣ ስለዚህ እሱን በናሙናሽ ውስጥ አታካትቺ። ከዱር እንስሳት ጋር የሚነካካ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥ በጭላዳ ወይም በቀይ ቀበሮ ላይ ብትሠሪ፣ የፓርኩና የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል። የዕፅዋት ወይም የአፈር ናሙና ለትንተና ወደ ውጭ ለመላክ ካሰብሽ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሳይኖር ከአገር ማውጣት ያስቀጣል። የጸጥታውን ሁኔታ ደግሞ ሳላነሣ አላልፍም፦ የአካባቢው ሰው «ዛሬ አትሂጂ» ካለሽ አትሂጂ። ከ12ቱ ተዳፋት በተጨማሪ በሌላ ወረዳ ሦስትና አራት ተጠባባቂ ያዢ፣ በፕሮፖዛሉም ውስጥ ጻፊው፤ በመሐል መንገድ ቢዘጋ ቴሲሱ አብሮ አይዘጋም።

ገንዘቡን ከቀን ተነሥተሽ አስዪው። 96 ፕሎት፣ ሦስት ሰው በቀን 4 ከሠራ 24 ቀን ነው። ጥር ላይ የችግኝ ቆጠራ ብቻ ስለሆነ በቀን 8 ይወጣል፣ 12 ቀን። ድምሩ 36 ቀን፤ ለዝናብና ለበዓል 6 ጨምሪበት። ሠራተኞችሽ በወሩ 12፣ 21 እና 27 ወይም ዓርብ ከሰዓት ላይመጡ ይችላሉ፤ ይህን በሰሌዳው ውስጥ ካላስገባሽ አንድ ሳምንት ይጠፋል። ከዚያ አበል፣ ትራንስፖርት፣ የዕቃና የሄርባሪየም ጉዞ ጨምሪ። የዩኒቨርሲቲው የቴሲስ ድጎማ ይህን ሁሉ አይሸፍንም ብለሽ ተነሺ። ሩፎርድ ፋውንዴሽን ለጀማሪዎች አነስተኛ ድጎማ ይሰጣል፤ የሚመለከተው ለተፈጥሮ ጥበቃ የሚጠቅም የመስክ ሥራን ነው፣ የእኛ ጥያቄም በዚያ መንገድ መቅረብ አለበት። አይዲያ ዋይልድ ደግሞ ብር ሳይሆን ዕቃ ነው የሚሰጠው፦ ጂፒኤስ፣ ሜትር፣ ካሜራ የመሳሰለውን። የብሪታኒያ የኢኮሎጂ ማኅበር ለአፍሪካውያን የሚሰጠው ድጎማ ማስተርስ ላለው ነው፤ እሱን ለፒኤችዲሽ አስቀምጪው።

ውጭ መሄድን ካሰብሽ አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳድ (DAAD) ከልማት ጋር ለተያያዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻ ዲግሪሽም በአብዛኛው ከስድስት ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። አምስት ዓመት አስተምረሻል፣ ስለዚህ በሩ እየጠበበ ነው፤ ከፈለግሽው ዘንድሮ ነው። አሜሪካ ሁኔታው ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ፕሮፌሰሩ ይቀበልሻል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው። ደብዳቤ የሚጻፈው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ማመልከቻ የሚዘጋው ታኅሣሥና ጥር አካባቢ ነው፤ ክፍያውም በአሲስታንትሺፕ (በማስተማር ወይም በምርምር በማገዝ) ይሸፈናል። አውሮፓ ፒኤችዲ በብዙ አገር እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ደመወዝም አለው፤ ማስተርስ ግን መጀመሪያ ይጠየቃል። ስለዚህ ለብዙ ሰው አገር ውስጥ ማስተርስ በጥሩ ጥያቄ ሠርቶ፣ አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ለፒኤችዲ መውጣት አዋጭ መንገድ ነው።

ሥራሽን በተመለከተ፣ ኮርሱን በሳምንት መጨረሻ ወይም በክረምት መርሐ ግብር መማር ይቻላል፣ መስኩን ግን አይቻልም። ጥቅምት ላይ 24 ቀን ከክፍል ውጭ መሆን አለብሽ፤ ያ ደግሞ ትምህርት የተጀመረበት ወቅት ነው። ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የትምህርት ፈቃድና ስፖንሰርሺፕ ወስዶ በመደበኛ መማር፤ ስትመለሺ ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ፣ ብታቋርጪ ምን እንደምትከፍዪ ውሉ ላይ ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ ያዢ፣ ለፒኤችዲ ስትወጪ የሚይዝሽ እሱ ነውና። ሌላው ሥራሽን ይዘሽ፣ ክፍለ ጊዜሽን ከባልደረባሽ ጋር ተለዋውጠሽ፣ ጥያቄውን ቅዳሜና እሑድ በሚደረስበት 8 ተዳፋት መወሰን። 8 ጥቂት ነው፣ ግን በትክክል የተለካ 8 ያስመርቃል።

እስከ መግቢያ ፈተናው ድረስ ባሉት ወራት ከሐይቅ በእግር የሚደረስ አንድ የተከለለ ተዳፋት ምረጪ። ሜትር፣ ገመድ፣ 1.3 ሜትር ዱላና እርሳስ ይዘሽ ከአንድ ተማሪሽ ጋር ሦስት ፕሎት አውጪ። ስንት ሰዓት እንደፈጀብሽ፣ ስንት ዝርያ ስሙን እንዳላወቅሽ፣ ስንት ችግኝ እንደቆጠርሽ በአንድ ገጽ ጻፊ። በኢሜይሉ አራተኛ ዐረፍተ ነገር ላይ የምትጠቅሺው መረጃ እሱ ነው።